የጋቦኑን ኪሊፊሽ በአኳሪየም ማራባት፦ ሥራው ከሴቷ ይጀምራል

ኪሊፊሽ የሚባለው ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ወንዱ ነው። አይፈረድበትም፤ ያምራል። በሳይንስ ስሙ አፊዮሴሚዮን አውስትራሌ የሚባለው የጋቦኑ ኪሊፊሽ ወንድ ወደ ብርቱካናማ በሚያደላ ቡናማ ገላው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። ጎኑ ብርሃን ሲያገኘው ሰማያዊና አረንጓዴ ያብረቀርቃል። የጭራው ሁለት ጫፎች እንደ ክራር ቋሚዎች ረዝመው በነጭ ያልቃሉ። ሴቷ ደግሞ ደብዘዝ ያለች ቡናማ ናት። ክንፎቿ አጫጭርና ክብ ናቸው፤ ጎኗ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች ካልሆኑ በቀር የሚታይ ነገር የላትም። ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ጥቂት ነው።

ማራባት ለሚፈልግ ሰው ግን ሥራው የሚጀምረው እሷ ጋ ነው፤ የሚበላሸውም እሷ ጋ ነው። በደንብ የበላችና ያረፈች ሴት ካለቻችሁ የቀረው ሁሉ በትዕግሥት የሚያልቅ ሥራ ነው። የተራበች ወይም ወንዱ ያሰለቻት ሴት ከሆነች ግን የትኛውም ውድ ዕቃ አያድናችሁም። ይህን መመሪያ ሳዘጋጅም ብዙውን ቦታ ለእሷ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የመጣበትን ደን ማወቅ

አፊዮሴሚዮን አውስትራሌ የጋቦን የባሕር ዳርቻ ዝቅተኛ ደን ዓሣ ነው። ወደ ደቡብ እስከ ኮንጎ ሪፐብሊክ ይደርሳል። በአኳሪየም ሰዎች ዘንድ የኬፕ ሎፔዝ ዓሣ ይባላል፤ ኬፕ ሎፔዝ ማለት ፖርት-ዣንቲ ከተማ አጠገብ፣ የኦጎዌ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ያለው የየብስ ጫፍ ነው። ዓሣውን እ.ኤ.አ. በ1921 ለሳይንስ የገለጸው ራኮቭ ነው። ሙሉ ሰውነቱ ሲደርስ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

የሚኖረው በትልልቅ ወንዞች ውስጥ አይደለም። ደኑ ውስጥ ቀስ ብለው በሚፈሱ ቀጫጭን ጅረቶችና ረግረጎች ውስጥ ነው የሚገኘው። ውሃው ጥልቀት የለውም። ከታች የበሰበሰ ቅጠል ተነጥፏል። ከቅጠሉ የሚወጣው ቀለም ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል፤ አሲዳማም ያደርገዋል። ማዕድኑ በጣም ትንሽ ነው። ከላይ ዛፉ ስለሚጋርደው ፀሐይ በቀጥታ አያገኘውም። ሐሩር አገር ቢሆንም ውሃው የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ያዙ። ይህ ዓሣ ሙቀት አይወድም፣ ኃይለኛ ብርሃን አይወድም፣ ኃይለኛ የውሃ ግፊት አይወድም። ብዙ ሰው የሐሩር አገር ዓሣ ሲባል ማሞቂያውን ወደ 27 እና 28 ዲግሪ ይሰቅላል። ዓሣው ወዲያው አይሞትም፤ ግን ዕድሜው ያጥራል፣ ሴቷም ቶሎ ትደክማለች። ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል። ክፍላችሁ በዚህ መሃል የሚቆይ ከሆነ ማሞቂያ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኪሊፊሽ ሁሉ አንድ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የሣር ምድር የሚኖሩት ኖቶብራንኪየስ የተባሉት ዘመዶቹ ኩሬያቸው በበጋ ይደርቃል። ዓሦቹ ሲሞቱ እንቁላሉ ጭቃ ውስጥ ለወራት ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። የእነሱን እንቁላል የሚያራባ ሰው ማድረቅ አለበት። የደኑ አውስትራሌ ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃ አያጣም። እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የአንዱን መመሪያ ለሌላው የሚጠቀም ሰው እንቁላሉን በከንቱ ይጨርሳል።

ገንዳው

ለአንድ ወንድና ለሁለት ሴት 20 ሊትር ገንዳ በቂ ነው። ለአንድ ጥንድ 10 ሊትርም ይሆናል፤ ግን ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻልና ለጀማሪ አልመክርም።

ከሁሉ በፊት ክዳን። ይህ ዓሣ ዘላይ ነው። የአየር ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ ሰፋ ካለ ይወጣበታል። ክዳኑ ጥግ ላይ ከተሸረፈ በስፖንጅ ድፈኑት። ውሃውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተው።

ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይሁን። አረፋው ቀስ ብሎ ይውጣ። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ስፖንጁ ሌላ ጤናማ ገንዳ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ጥሩ ነው። አሞኒያንና ናይትራይትን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ይሰፍሩበታል፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ ዓሣ የሚሞተው በአብዛኛው እነሱ ስለሌሉ ነው። ሌላ ገንዳ ከሌላችሁ አዲሱን ገንዳ ያለ ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት አሠሩት። ባክቴሪያው ምግብ እንዲያገኝ በየጊዜው ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸውን በመለኪያ ሳታዩ ዓሣ አታስገቡ።

ወለሉ ባዶ ቢሆን ለማጽዳት ይመቻል። የእኔ ምርጫ ግን ከገንዳው በታች ጥቁር ወረቀት ለጥፎ ጥቂት የደረቀ የካታፓ ወይም የኦክ ቅጠል መጣል ነው። ዓሣው ጨለም ባለ ወለል ላይ ይረጋጋል፤ ቀለሙም ይደምቃል። አንድ ጥግ ላይ ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውሃ ተክል ጠቅጠቅ አድርጉ። እሱ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወንዱ ሲያሳድዳት ሴቷ የምትደበቅበት ነው።

ውሃውን በተመለከተ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይሁን። በአኳሪየም ለብዙ ትውልድ የተራቡት ዓሦች ከዚህ ትንሽ ወጣ ያለውንም ይችላሉ። እንቁላሉ ግን ማዕድን በበዛበት ውሃ ውስጥ ያን ያህል አይሳካለትም። የቧንቧ ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ከንጹሕ የዝናብ ውሃ ወይም ከሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ከወጣ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉት። ክሎሪን በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ሲያድር ይወጣል። ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት የውሃ ማከሚያ) ከሆነ ግን በማሳደር አይወጣምና ማርከሻ ፈሳሹን ተጠቀሙ። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። አዲሱ ውሃ በሙቀት ከገንዳው ጋር ይቀራረብ።

የክር ዘለላ መሥራት

በደኑ ውስጥ ዓሣው እንቁላሉን የሚያጣብቀው በሥርና በቅጠል መሃል ነው። እኛ ያንን በክር እንተካዋለን። አሠራሩ ቀላል ነው።

1. ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ የአክሪሊክ ሹራብ ክር ውሰዱ። የሱፍና የጥጥ ክር ውሃ ውስጥ ስለሚበሰብስ አይሆንም።
2. ክሩን 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው መጽሐፍ ወይም ካርቶን ዙሪያ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ጠምጥሙት።
3. በአንዱ ጫፍ በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ሌላውን ጫፍ በመቀስ ቁረጡት። ዘለላ ይሆናል።
4. ቀለሙ እስኪያልቅ ቀቅሉት። ውሃው ከቀላ ወይም ከጠቆረ ደፍታችሁ እንደገና ቀቅሉ። ሳሙና አይንካው።
5. የታሰረውን ጫፍ ከቡሽ ጋር እሰሩትና ይንሳፈፍ።

ሁለተኛ ዘለላ ሠርታችሁ ያለ ቡሽ ወለሉ ላይ ተዉት። አንዳንድ ሴቶች ከላይ መጣል ይወዳሉ፤ አንዳንዶቹ ከታች። የትኛው እንደሚስማማት እሷው ትነግራችኋለች።

ሴቷን ማዘጋጀት

ወንዱንና ሴቶቹን ለይታችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን አቆዩ። ሁለተኛ ገንዳ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ገንዳውን መሃል ላይ በቀጭን መረብ ክፈሉት። መረቡ ጫፎቹ ላይ ክፍተት አይኑረው፤ ወንዱ ሾልኮ ማለፍ ይችልበታል።

እነዚህ ቀናት ለምግብ ናቸው። እንቁላል የሚሠራው ከሕያው ምግብ ነው። ደረቅ ቅንጣት ዓሣውን ያኖረዋል፤ እንቁላል ግን አያበዛም። አውስትራሌ በተፈጥሮው የሚበላው ውሃው ላይ የሚወድቁ ነፍሳትንና እጮችን ነው። የትንኝ እጭ ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ነው ብል አላጋነንኩም። በጓሮ ባልዲ ውስጥ ይገኛል፤ ትንኝ ሆኖ ከመብረሩ በፊት ግን መልቀም የእናንተ ኃላፊነት ነው። ዳፍኒያ (የውሃ ቁንጫ)፣ ትልልቅ አርቴሚያ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ትንሽ ፍጥረት) እና ግሪንዳል የሚባለው ትንሽ ነጭ ትልም ይሆናሉ። ግሪንዳል ቅባት ስለሚበዛበት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የትንኝ እጭም ሕያው ካልተገኘ ይሠራል።

አመጋገቡ በቀን ሁለቴ፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን። ሆዷ አንዴ ጢም ብሎ ቀኑን ሙሉ ባዶ ከሚሆን፣ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ ብታገኝ ይሻላታል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውን በቱቦ ምጠጡት።

አሁን ሴቷን በደንብ እዩዋት። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ከደረት ክንፎቿ ጀርባ ያለው ወገቧ ሰፋ ማለት አለበት። ከጎን ስታዩ ሆዷ ከፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ እስከ ታችኛው ክንፏ መነሻ ድረስ ሞላ ይላል። ከፊት ብቻ የወጣ ሆድ ምግብ ነው፤ በማግሥቱ ይጠፋል። ወደ ኋላ የሞላው ግን እንቁላል ነው። ቅርፊቷ እንደ ጽጌ ቅጠል ከተነሣ ግን እንቁላል አይደለም፤ ሕመም ነው። ለይታችሁ አስቀምጧት።

ወንዱን በዚህ ጊዜ አትርሱት፤ ግን ብዙም አትጨነቁበት። ሁለት ምልክት ይበቃዋል፦ ክንፉን ዘርግቶ የሚዋኝና ምግብ ሲወርድ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ ዝግጁ ነው።

ማገናኘት

ሴቶቹን ወደ ማራቢያው ገንዳ አስቀድማችሁ አስገቡ። ቦታውን ይልመዱ። ወንዱን በማግሥቱ ጨምሩት። አንድ ወንድ ለሁለት ሴት የተሻለ ነው፤ ሩጫውን ይከፋፈሉታል።

ብዙ ጊዜ ሥራው ወዲያው ይጀምራል። ወንዱ ክንፉን ሁሉ ዘርግቶ ከፊቷ ይቆማል፤ ገላውን ያርገበግባል። ፈቃደኛ ከሆነች ወደ ክሩ ትገባለች። እሱ ጎን ለጎን ይጠጋትና የጀርባ ክንፉን ከላይዋ ያለብሳታል። ሁለቱም ገላቸውን አጣጥፈው ለአፍታ ይንቀጠቀጣሉ። በዚያች አፍታ አንዲት እንቁላል ብቻ ትወጣለች። ትለያያለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና አንዲት። አንዴ መቶ እንቁላል የሚበትን ዓሣ አይደለም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጥላል፤ በደንብ የበላች ሴት በቀን ከ10 በላይ ልትሰጥ ትችላለች።

ዝም ብላችሁ የምታዩት ነገር ግን አይደለም። ሴቷ ጥግ ላይ ከቆመች፣ ክንፎቿን ከአጣበቀች ወይም የጭራዋ ጫፍ ከተበጣጠሰ ያን ዕለት ለዩዋት። ፈቃደኛ ካልሆነች ሴት ጋር የተዘጋበት ወንድ ሊገድላት ይችላል።

አንድ ሳምንት አብረው ይቆዩ፤ ከዚያ ሴቶቹን አውጡና አሳርፉ። እንቁላሉ እየበዛ ነውና ይቀጥል የሚል ፈተና ይመጣል። እንቢ በሉት። ያለ ዕረፍት የምትጥል ሴት እንቁላሏ ያንሳል፣ የሚሻግተውም ይበዛል። አንድ ሳምንት ሥራ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዕረፍት፤ ዑደቱ ይሄ ነው።

እንቁላሉን መልቀም

ዘለላውን በየሁለት ቀኑ ጠዋት አውጡት። አዲስ የተጣለ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለስላሳ ነው፤ ካደረ በኋላ ግን ይጠነክራል። ውሃውን ቀስ ብላችሁ ጭመቁና ፎጣ ላይ ዘርጉት። ክሮቹን አንድ በአንድ እየለያችሁ ወደ ብርሃን አስጠጉ። እንቁላሉ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጥርት ያለ፣ ወደ ማር ቀለም የሚሄድ ነው። ከክሩ ጋር በቀጭን የሚያጣብቅ ጭረት ተያይዟል።

በጣት መልቀም ይቻላል። መጀመሪያ ላይ እጅ ይፈራል፤ ጤነኛ እንቁላል ግን በቀላሉ አይፈርጥም። በሁለት ጣት መሃል ሲሽከረከር ትንሽ ጠጠር ይመስላል። በእጃችሁ የሚፈርጥ ወይም ነጭ የሆነው ቀድሞውንም የማይሆን ነው። ጣት የማይመቸው ሰው ስቴኪኒ ይጠቀም። እጃችሁ ከሳሙናና ከቅባት ንጹሕ ይሁን።

ጃቫ ሞሱ ውስጥ እንቁላል ፍለጋ አትግቡ። እዚያ የቀሩት ጥቂቶች ራሳቸውን ችለው አንዳንዴ ጫጩት ሆነው ብቅ ይላሉ።

እንቁላሉን ማቆየት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በውሃ ውስጥ ነው። ጠፍጣፋ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕና ማዕድን ያልበዛበት ውሃ ጨምሩ። ሜቲሊን ብሉ ጠብ አድርጉበት፤ ውሃው ፈዛዛ ሰማያዊ ከሆነ ይበቃል። ጥልቅ ሰማያዊ ካደረጋችሁት እንቁላሉን መከታተል አትችሉም። መድኃኒቱ ሻጋታን ይከላከላል፤ የሞተ እንቁላልንም ሰማያዊ ቀለም ስለሚያስገባበት ለመለየት ይረዳል። ዕቃውን ጨለማ ቦታ፣ ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ባለበት አስቀምጡ። በየቀኑ ክፈቱና የነጡትን ወይም ፀጉር ያበቀሉትን በስሪንጅ አውጡ። አንድ የሻገተ እንቁላል ካደረ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግማሹን ውሃ በንጹሕ ውሃ ተኩት።

ሁለተኛው ፒት ሞስ ላይ ነው፤ ይህ ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የሞስ ብስባሽ ነው። ፒቱን ቀቅላችሁ አቀዝቅዙ፤ ከዚያ ጠብታ እስከማይወጣው ጭመቁት። እርጥብ ነው፤ ግን አይንጠባጠብም። እንቁላሉን ከላይ ዘርዝራችሁ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዝጉት። በ22 ዲግሪ አካባቢ 3 ሳምንት ያህል ያቆያል። የዚህ ጥቅሙ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን አብረው መውጣታቸው ነው፤ በመጠን እኩል ስለሚሆኑ ትልቁ ትንሹን አይበላም። ጉዳቱ ውስጡን በደንብ አለማየታችሁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታራቡ ከሆነ በውሃው ጀምሩ፤ እንቁላሉ ሲያድግ ማየት ብዙ ያስተምራል።

በዚህ ጊዜ ማጉያ መነጽር ይኑራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምታዩት ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣቦችን ነው። ከዚያ ቀጭን መስመር ይታያል። እሱ ጀርባው ነው። ወደ ሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጥቁር ዓይኖች ይወጣሉ፤ ዙሪያቸውም ወርቃማ ቀለበት ያበራል። ቀይ ደም ሲዘዋወር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጫጩቱ ተጠቅልሎ ዓይኑን ሲያዞር ካያችሁ ጊዜው ደርሷል።

መፈልፈል

ብዙዎቹ ራሳቸው ይወጣሉ። ዓይናቸው ከወጣ ብዙ ቀን ሆኖ የማይወጡም ይኖራሉ። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጫጩት የሚወጣው አየር ሲያጥረው ነው፤ ኦክሲጅን ሲቀንስ ቅርፊቱን የሚያሟሟ ኢንዛይም ያወጣል። ስለዚህ ብልሃቱ ኦክሲጅኑን ትንሽ መቀነስ ነው። እንቁላሎቹን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እስከ አፉ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና ክደኑት። ኪስ ውስጥ ይዛችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ተንቀሳቀሱ። ሙቀቱና መነቅነቁ ያስነሳቸዋል። ሲወጡ ወዲያው ወደ ሰፊ ዕቃ ገልብጧቸው። ሌላው መንገድ ቁንጥር የደቀቀ ደረቅ ምግብ ዕቃው ውስጥ መጣል ነው፤ ባክቴሪያው ኦክሲጅኑን ይቀንስላችኋል።

ፒት ላይ ያቆያችሁት ከሆነ ከገንዳው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አፍስሱበት። በሰዓታት ውስጥ ይወጣሉ። እስከ ማግሥቱ ካልወጡ ውሃውን አጥልሉና ፒቱን እንደገና ለአንድ ሳምንት ዝጉት።

ወለል ላይ እየተሳቡ ወደ ላይ መዋኘት የማይችሉ ጫጩቶች ካያችሁ የመዋኛ ፊኛቸው አልሞላም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንቁላሉ ከልኩ በላይ ሲቆይ ይመጣል። አያገግሙም። በቀጣዩ ዙር ፒቱን ከአሁኑ ቀደም ብላችሁ አርጥቡት።

ጫጩቶቹን ማሳደግ

ጤነኛ ጫጩት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ወለሉን ለቆ ከላይኛው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። በመጀመሪያው ቀን አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ መብላት ይችላል። ይህ ለአርቢው ትልቅ ዕድል ነው፤ ብዙ ትናንሽ ዓሦች መጀመሪያ ከአርቴሚያ ያነሰ ምግብ ይፈልጋሉና።

አርቴሚያው እንዲህ ይዘጋጃል። በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል አዮዲን የሌለው ጨው አሟሙ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል ጨምሩና ከሥር አየር በኃይል ይንፈስበት። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ በሆነ ቦታ፣ ብርሃን በርቶበት ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይቆይ። አየሩን አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብርቱካናማዎቹ እጮች መብራቱ ወዳለበት ጥግ ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ቅዱዋቸው፣ በወንፊት አጥልሉ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ጨውና ቅርፊት ጫጩቱ ገንዳ ውስጥ አይግባ።

በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ስጡ። መብላታቸውን ለማወቅ መላ ምት አያስፈልግም። ጫጩቱ ግልጽ ስለሆነ አርቴሚያ ሲበላ ሆዱ ብርቱካናማ ይሆናል። ካበላችኋቸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተመልከቱ፤ ብርቱካናማ ሆድ የሌለው ካለ ምግቡ አልደረሰውም።

ውሃው መጀመሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሁን። ጫጩት ሰፊ ውሃ ውስጥ ምግቡን አያገኘውም። ከዚያ በየቀኑ ከወላጆቹ ገንዳ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አንድ ሁለት ቀንድ አውጣ ብታስገቡ የተረፈውን ይለቅማሉ። ጃቫ ሞስ ደግሞ ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚያበቅል በመሃል የሚቀመስ ነገር አያሳጣቸውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሃይድራ ነው። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ክሮቹን የሚዘረጋ ትንሽ ነጭ ነገር ካያችሁ እሱ ነው፤ ጫጩት ይበላል። ጫጩቶቹን ወደ ንጹሕ ዕቃ አዛውሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በመጠን ለዩዋቸው። ካልለያችሁ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያሳድዳሉ፤ አፋቸው ከደረሰም ይውጧቸዋል።

ከበሽታ ሁሉ አብዝቶ ኪሊፊሽን የሚያጠቃው ቬልቬት የሚባለው ነው። ዓሣው ክንፉን ያጣብቃል፣ በቅጠል ይታከካል። በጨለማ ከላይ በባትሪ ብታበሩበት ጀርባው ላይ የወርቅ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ተሕዋሲው ብርሃን ይጠቀማልና ገንዳውን በጨርቅ ሸፍኑ። በ1 ሊትር ውሃ 1 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው ቀስ በቀስ ጨምሩ። ውሃ መቀየር አታቋርጡ። ከባድ ከሆነ መዳብ ያለበት መድኃኒት አለ፤ ግን ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ለጫጩትም አደገኛ ነው። መጠኑን ከተጻፈው አታሳልፉ።

ወንድና ሴት መለየት፣ ቀጣዩን ጥንድ መምረጥ

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው የመጀመሪያዎቹ ወንዶች ቀለም ማውጣት ይጀምራሉ። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆኑ ራሳቸው እንቁላል ይጥላሉ። ቶሎ ቀለም ያወጣ ወንድ ሌሎቹን ያስጨንቃል። ጉልበት የሌላቸው ወንዶች ደግሞ ቀለማቸውን ደብቀው ሴት መስለው ይቆያሉ። ስለዚህ ሴት ናት ያላችሁትን ሁሉ አትመኑ፤ ቀለም ያወጡትን ስታወጡ የቀሩት መሃል ሌላ ወንድ ብቅ ይላል።

ለቀጣይ ትውልድ ስትመርጡ ወንዱን በጭራው ርዝመት ብቻ አትምረጡ። ሴቷንም በራሷ መዝኑ፦ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ሰፊ ወገብ፣ ምግብ ላይ ፈጣን። ከአንድ ቀን ለቀማ ሳይሆን ከተለያየ ሳምንት የተገኙ ዓሦችን አጣምሩ።

የዚህ ዓሣ ትልቁ አደራ ስሙ ነው። ብዙ የአፊዮሴሚዮን ዝርያ ሴቶች እርስ በርስ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለት ዝርያ አንድ ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የማን ሴት የማን እንደሆነች ማወቅ ያቅታል፤ ተዳቅለውም መስመሩ ይጠፋል። በአንድ ዝርያ ውስጥም ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ ዓሦች አሉ። ከሊብረቪል አጠገብ ባለው የካፕ ኤስቴሪያስ ስም የሚያዘው የአውስትራሌ መስመር አንዱ ነው። የዱር ዓሣ መስመሮች ከስማቸው ቀጥሎ የሰብሳቢዎቹ የስም ፊደል፣ የተሰበሰቡበት ዓመትና የቦታው ቁጥር ይጻፍላቸዋል። ይህን ኮድ ከዓሣው ጋር አንድም ሳትቀንሱ አስተላልፉ። በአኳሪየም ውስጥ ተመርጦ የተራባውን ብርቱካናማ ዓይነትም ከዱሩ ቡናማ ጋር አታደባልቁ። የዓሣውን ስም በገንዳው ላይ ጻፉ፤ የእንቁላሉ ዕቃ ላይ ደግሞ ከስሙ ጋር ቀኑን ጨምሩ። የተረፈውን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ኩሬ መልቀቅ ፈጽሞ አይሆንም።

ለሌላ አርቢ ስትሰጡ እያንዳንዱን ዓሣ ለብቻው ፌስታል ውስጥ አድርጉ፤ አብረው ከገቡ ይጣላሉ። አንድ ቀን አስቀድማችሁ ምግብ ከልክሏቸው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ውሃውን አያቆሽሽም። ፌስታሉን አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር አድርጋችሁ ደርቡት፤ ኮዱንና የተፈለፈሉበትን ወር የያዘውን ወረቀት በሁለቱ ፌስታሎች መሃል አስገቡና እሰሩት።